ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን የመኝታ ክፍላችን በር ተከፈተና አንዲት አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ሻንጣ አንጠልጥላ ገባች። እኔና ከእኔ ቀድማ የደረሰችው ልጅ አልጋችን ላይ ተቀምጠን ነበር። ያቺን ልጅ ነገር ሁሉ ስለሚያስቃት በኋላ ሳቂታ አልናት። ሁለታችንም ብድግ አልን።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አልኩ። «ልጅዎ የትኛዋ ናት? ገና አልደረሰችም እንዴ?»

ሴትየዋ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ልጄማ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ቤት ናት» አለች። «እዚህ የተመደብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ያ የላይኛው አልጋ ሰው ይዞታል?»

ሳቂታ አፏን በእጇ ያዘች። ሴትየዋ መልሳችንን ሳትጠብቅ የተደራራቢውን አልጋ ብረት ይዛ ነቀነቀችው። አልጋው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዘ። ተንበርክካ እግሩን መረመረችና የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። ሌላ ሴት መስታወት ከምታወጣበት ቦርሳ ውስጥ አንድ ብሎንና አንድ መፍቻ አወጣች።

«ብሎኑ ወልቆ ነው። እንዲህ እንዳለ ቢተኙበት አንድ ቀን ከነፍራሹ ታች የተኛው ሰው ላይ መውረድ ነው» አለች እያጠበቀች።

ታች የምተኛው እኔ ነበርኩ።

በዚያው ቀን ስሟ «እትዬ ብሎን» ሆነ። ያወጣችላት ሳቂታ ናት። ስትሰማው አልከፋትም፤ «ጋራዥ ስሠራ ካወጡልኝ ስሞች ሁሉ ይሄ ይሻላል» ብላ ሳቀች። ያስቆጣት አንቱታችን ነው። «እዚህ ክፍል አንቱ የሚባል የለም» አለች። «ሁላችንም አንደኛ ዓመት ነን። አንቱ ያላችሁኝ ለት ብሎኔን ፈትቼ ነው የምወስደው።»

እስኪ ስለ ራሴም ልናገር። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዐሥራ ሁለተኛ አንደኛ የወጣሁባቸውን የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ከሱቁ መስታወት ጎን ደርድሮ ሰቅሏቸዋል። ስለዚህ ጭንቅላታቸው በአባቴ እጅ የተያዘ ሰዎች ወደዱም ጠሉም የእኔን ማርክ ሲያነቡ ኖረዋል። ምህንድስና የደረሰኝ ቀን ሱቁ በሙሉ «ኢንጂነሯ» ብሎ ጠራኝ። እሑድ እሑድ አባቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ሲደውልልኝ ከኋላው ይጮሃሉ፤ «ኢንጂነሯ! ያ ድልድይ መቼ ነው የሚያልቅልን?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድም ቀን እጄን አውጥቼ አስተማሪ ጠይቄ አላውቅም። ጎበዝ ተማሪ ትመልሳለች እንጂ አትጠይቅም ብዬ አምን ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔም አፌን ዘግቼ ነው እስከዚያ የደረስኩት።

የሒሳብ ትምህርት የምንማርበት አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። መምህሩ ቀጭን፣ ወጣት፣ በቀኝ እጁ እየጻፈ በግራው የሚያጠፋ ሰው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳውን ሞልቶ ሊያጠፋ ሲል ከፊተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት ነው የተሻገሩት?»

እትዬ ብሎን ነበረች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የሳቂታ ሳቅ ነው።

«ግልጽ እኮ ነው» አለ መምህሩ።

«ለእርስዎማ ግልጽ ነው። ለእኔ ገና ነው።»

ሳቁ ባሰ። መምህሩ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጥቂት ቆመና በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ሌላ ሦስት መስመር ጻፈ። እኔ ደብተሬን አየሁት። አራተኛውን መስመር ሳይገባኝ ነበር የገለበጥኩት። ሰው እንዳያየኝ በክንዴ ከልዬ አዲሶቹን መስመሮች ለቃቀምኩ። ቀና ስል ሲስቅ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየክፍለ ጊዜው አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ከአንድ አታልፍም፤ ከአንድም አታጎድልም።

«ለምን አንድ ብቻ?» አልኳት አንድ ጊዜ።

«ሁለት ከሆነ መምህሩ ይሰለቸኛል። አንድማ ማንንም አይጎዳም።»

እኔን ያንበረከከኝ ሌላ ነገር ነበር፤ የምህንድስና ንድፍ። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር ሸምገል ያለ መምህር አንድ የተቦረቦረ የእንጨት ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና «ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን ሲታይ ሳሉት፤ የማይታየውን ጠርዝ በነጠብጣብ አሳዩ» ይላል። እኔ የሚታየውንም ማየት አቃተኝ። ከመሰረዜ ብዛት ወረቀቴ ተቀደደ። እትዬ ብሎን ግን አንዴ አየት አድርጋ፣ እንጨቱን እንደገና ሳታይ ሦስቱንም ትስለዋለች። መምህሩ ከኋላዋ ቆሞ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ይሰካዋል። አድናቆቱ እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የልብስ ሳሙናና ቢላ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳሙናውን የዚያን ሳምንት የእንጨት ቁራጭ አስመስላ ቀረፀችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ዳስሺው» አለችኝ።

«ምን ይጠቅመኛል? የምስለው በዓይኔ ነው።»

«መኪና ሥር ተኝተሽ የማይታይሽን ብሎን የምታገኚው በጣትሽ ነው። እጅ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዓይን ኋላ ይደርስበታል። ይልቅ ዳስሺው።»

ዳሰስኩት። ጉድጓዱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ በጣቴ ተከተልኩት። ከዚያ «አሁን ከላይ ብታዪው ጉድጓዱ ምን ይመስላል?» ስትለኝ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ታየኝ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ሳቂታ ከአልጋዋ ወርዳ መጣች። በአራተኛው ሳምንት ሳሙና አለቀብን፤ ልብሳችንን በተቀረፀው ማጠብ ጀመርን።

እኔ ደግሞ በፈንታው ሒሳብ አስጠናት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ የማታ ትምህርት ስትማር ከሥራ ደክማ እየመጣች ብዙ ነገር ያመለጣት በእንቅልፍ ነው። ክፍልፋይ መደመር እንኳ ያስቸግራታል። አንዱን ጥያቄ ካልፈታች ወደሚቀጥለው አታልፍም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» ትላለች፤ «እኔ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ። እንግዲህ ማን ሊያስለቅቀኝ ነው?»

የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ውጤት የተለጠፈ ቀን በመለያ ቁጥሬ ትይዩ ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ አንድ፤ ከመቶ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ማንንም ሳላይ ወደ ክፍሌ ሄጄ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩና ልብሴን እንዳገኘሁ መወርወር ጀመርኩ።

እትዬ ብሎን ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት?» አለች።

ነገርኳት።

«እኔ ሃያ ሁለት» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። «ታዲያ እንዴት እንዲህ ትቀመጫለሽ? አትደነግጪም?»

«መደንገጥማ ደነገጥኩ። ግን የመጣሁ ለት ብፈተን ኖሮ ዜሮ ነበር የማመጣው። ሃያ ሁለቱ ከዚህ የተገኘ ነው።» የሸሚዜን እጅጌ አስተካክላ አጠፈችልኝ። «ቆይ፣ ለምን እዚህ እንደመጣሁ ነግሬሻለሁ?»

አልነገረችኝም ነበር።

«ጋራዣችን የሚጠግናቸው አንድ ዓይነት አውቶቡሶች ነበሩ። የኋላ አክስላቸው፣ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ድምፁን ሰምቼ ‹ይሄ ሳምንት አይቆይም› እላለሁ፤ አይቆይም። ሠራተኛው ጠንቋይ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣና ‹ለምን እዚያ ላይ ብቻ የሚሰበር ይመስልሻል?› አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የት እንደሚሰበር ሳውቅ ለምን እንደሚሰበር አላውቅም። እሱም አላወቀውም መሰለኝ፣ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። እኔን ግን ምግብ ሁሉ እምቢ አለኝ። በሳምንቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ ዘጠነኛ ክፍል። ከዚያ የመግቢያ ፈተናውን ሁለቴ ወደቅኩ። ሦስተኛው ላይ አለፍኩ።»

እጄ ሻንጣው ላይ እንዳለ ቀረ።

«አንቺን የከበደሽ ሠላሳ አንዱ አይደለም» አለች። «ሰው ምን ይለኛል ነው። ሻንጣሽን አልይዝብሽም፤ ትልቅ ሰው ነሽ። ግን አባትሽ ሳይሰማ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ደውዪለት።»

ደወልኩ። ቀኑ እሑድ ባይሆንም ስልኩ እንደልማዱ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። የመቁረጫው ማሽን ሲነዝር ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ሒሳብ ሠላሳ አንድ አመጣሁ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

ማሽኑ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ድምፅ፣ «እኔ በዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ደርሼ አላውቅም!» አለ።

«ዝም በል አንተ፣ አንገትህን አቅና» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ የመጀመሪያ ደንበኛዬን ጆሮውን ነው የቆረጥኩት። ደሙ እስኪቆም ሁለታችንም አለቀስን። እስከ ዛሬ ግን ሌላ ጋ ሄዶ አያውቅም።»

«እዚሁ ነኝ!» አለ ሌላ ድምፅ ከሩቅ።

ሳልወድ ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

«ያልገባሽን መምህሩን ጠይቀሽዋል?» አለ አባቴ።

«አልጠየቅኩም።»

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም? ጠይቂው እንጂ፤ አይነክስሽ።»

ልብሴን መልሼ ደረደርኩ። ሻንጣ መፍታት ግን ከመጠየቅ ይቀላል። ሳምንታት አለፉ፤ እኔ እንደ በፊቱ ከእትዬ ብሎን ጎን ተቀምጬ እሷ በጠየቀችው እየተጠቀምኩ ነበር። በሷ ጥላ ሥር መኖር ተመቸኝ።

አንድ ማለዳ እህቷ ደወለች። ልጇን የሚያሳድጉት በጋራ ነው። ልጅቷ ትርፍ አንጀቷ ታሞ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ነው አለቻት። እትዬ ብሎን ስልኩን ዘግታ ልብሷን በቦርሳ ጠቀጠቀች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ደብተሯን ሰጠችኝ።

«የሒሳቡን ማስታወሻ አደራ። ክፍተት እንዳይኖረው። ደግሞ ያልገባሽን እንደገባሽ አድርገሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ኋላ አንቺን ነው የማፋጥጥሽ።»

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ወንበሯ ባዶ ነበር። መምህሩ ሰሌዳውን ሞላና እንደለመደው ቆም ብሎ ወደዚያ ወንበር አየ። «ጥያቄ?» አለ። ማንም አልጠየቀም። ትንሽ ጠበቀና አጠፋው። ሁለት መቶ ሰዎች ነበርን፤ ጥያቄ የነበረን ግን በአንዲት ሴት አፍ ብቻ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ላይ ተያዝኩ። ከላዩ ያለው ገብቶኛል፤ ከታቹ ያለውም ምን እንደሚል ይታየኛል፤ መሃሉ ግን ገደል ነው። የራሴ ደብተር ቢሆን ገልብጬ አልፍ ነበር። የያዝኩት ግን የሷን ነው። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። መምህሩ ማጥፊያውን አነሳ። እጄን ከፍ አደረግኩ፤ ከፍ አደረግኩ ማለት ያስዋሻል፣ ጭንቅላቱን እንደሚያክ ሰው ነበር ያነሳሁት።

«አዎ?» አለ መምህሩ።

«እዚህ ጋ…» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ።

«ዝም በሉ! ትጠይቅ!» ያለችው ሳቂታ ናት። ሳቂታ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው ልጅ።

ጠየቅኩ። መምህሩ አስረዳኝና «አሁን ገባሽ?» አለ። አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ነው። ደብተሩን አየሁት።

«አልገባኝም» አልኩ። «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ ይህን ለማለት ነው ላብ ያጠመቀኝ። በዚህኛው ጊዜ መምህሩ ቁጥሮቹን ትቶ ሥዕል ሣለ። ሥዕሉን ሳይጨርስ ገባኝ፤ ፊቴ ላይ አየው መሰለኝ ፈገግ አለ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጠራኝ።

«የጓደኛሽ ልጅ እንዴት ሆነች?»

ማወቁ ገረመኝ። ቀዶ ሕክምናው በደህና እንዳለቀ ነገርኩት።

«ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው» አለ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ። «ከእሳቸው በፊት አንድም የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ሁሉም የገባው ይመስለኝ ነበር። አሁን ማታ ስዘጋጅ ‹እዚህ ላይ ይይዙኛል› እያልኩ ነው የምጽፈው።»

በዕድሜ ስለምትበልጠው ብቻ «እሳቸው» እንዳላላት ከአነጋገሩ ገባኝ።

እትዬ ብሎን በዐሥረኛው ቀን ተመለሰች፤ ከስታለች፣ ግን ልጇ ድናለች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ደብተሩን ተቀብላ መስመር በመስመር ወረደችበት። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ሥዕሉን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይቺን ማን ጠየቃት?»

«እኔ።»

ክንዷን ወደ እኔ ዘረጋች፤ እጇን አይደለም፣ ክንዷን። ጋራዥ ውስጥ እጃቸውን ግራሶ የነካቸው ሰዎች እንዲያ ነው የሚጨባበጡት። ክንዷን ጨበጥኩት።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያበቃ እኔ ሁሉንም አለፍኩ፤ አንደኛ ግን አልወጣሁም፤ ወደ አንደኛም አልተጠጋሁም። እትዬ ብሎን በሒሳብ ከማለፊያው አራት ነጥብ ጎደላትና ክረምት ላይ እንድትደግመው ተወሰነ። በማግስቱ ያስተማርኳትን ክፍልፋይ ሀ ብላ ጀመረች።

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት የሷ ነበር። በወርክሾፕ ለእያንዳንዳችን አንድ ቁራጭ ብረት ሰጥተው፣ በሞርሳ አስረን በሞረድ ሞርደን አራት ማዕዘን እንድናወጣ አዘዙን። በመጀመሪያው ሰዓት እጃችን ውኃ ቋጠረ። የወርክሾፑ ኃላፊ፣ ማንንም ሲያመሰግን ያልተሰማ ሰው፣ እትዬ ብሎን ስትሞርድ ከአጠገቧ ቆሞ አየና ወደ ሣጥኑ ሄዶ የራሱን ሞረድ አምጥቶ ሰጣት። ያን ቀን ተማሪው በሙሉ ዙሪያዋን ከበባት። እሷም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች፣ «በክንድህ አይደለም፣ በእግርህ ግፋው! አንቺ ደግሞ ብረቱን አትለምኚው» ትላለች።

ከሁሉም ግን የማልረሳው አንድ ረፋድ ነው። የቁሳቁስ ጥንካሬ መግቢያ የምታስተምረን መምህርት አንድ ዘንግ ሣለች፤ ከወፍራም በድንገት ወደ ቀጭን የሚወርድ። «ጉልበት እንደ ሰው ነው» አለች፤ «ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተበትኖ ይሄዳል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ይጋፋል። ስለታም ጥግ ካለ እዚያ ይታመቃል። ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያ ነው።»

እትዬ ብሎን አልጠየቀችም። ዞር ብዬ ሳያት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰሌዳው ላይ አፍጣለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጇን አውጥታ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀች። አሟት ይሆናል ብዬ ተከተልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ወደ ድሮ ጋራዧ ደውላ ትጮሃለች። «አክስሉን! አዎ፣ የእነዚያን አውቶቡሶች! ስታሠሩት ጥጉን ስለታም አትተዉት፤ ክብ አድርጉት፣ ክብ! … ለምን? ለምን ነው ያልከኝ?» አየት አደረገችኝና ፊቷ በራ። «ለምን እንደሆነማ አሁን ልንገርህ። ተቀመጥና ስማ።»

ግድግዳውን ተደግፋ፣ በነፃ እጇ አየር ላይ እየሣለች፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነገረችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ከመምህርቷ ይልቅ ከሷ ነው የገባኝ።

ክረምት ላይ ሒሳቡን ደግማ ተፈተነች፤ ስድሳ ስምንት አመጣች። ትምህርት ክፍል ስንመርጥ እኔ ሲቪል ገባሁ፣ እሷ መካኒካል፣ ሳቂታ ደግሞ ሁላችንንም ያስገረመ ኤሌክትሪካል። መኝታችንም ተለያየ። ዕቃችንን ያጓጓዝን ቀን ሦስታችን ፍራሽ ተሸክመን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስንመላለስ ዋልን፤ ሳቂታ ከመሳቋ ብዛት ሁለት ጊዜ ፍራሹን ጣለችብን።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነን። እትዬ ብሎን ከክፍሏ አንደኛ አይደለችም፤ መሃል ላይ ናት፤ በመሃሉም እንደ ዋንጫ ትኮራበታለች። ልጇ ዐሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ሰኞ እናትም ልጅም ፈተና አላቸው። ትናንት ክፍሏ ስሄድ፣ ማን ይበልጥ ያመጣል ብለው በስልክ ሲወራረዱ ደረስኩ። የተሸነፈች ለአንድ ወር ሳህን ታጥባለች። እናትየው ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረችና «ከቤት ወጥቼ ያለሁት እኔ፣ ሳህኑን እንዴት ነው የማጥብላት?» አለችኝ፤ ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ ውርርዱን ተቀበለች።